አንድ ጉንፋን ለሁለት

ሁለት ሰዎች በአንድ ሰኞ፣ ከአንድ ኩባያ ሻይ፣ አንድ ጉንፋን ተካፈሉ። እሱ ሁለት ቀን አስነጠሰና በሦስተኛው ቀን ረሳው። እሷ ሐሙስ ዕለት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ማሽን ተነፈሰላት። ክፍፍሉ ፍትሐዊ አልነበረም።

እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው። እሷ የጅምላ ጨርቅ ነጋዴ ብቸኛ ልጅ ናት፤ በአባቷ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ናሙና ትቆርጣለች፣ ለደንበኞች ደብዳቤ ትጽፋለች። የዚያ ሕንፃ ሊፍት ድሮ በወር አንዴ ነበር የሚበላሸው። ጠጋኙ እሷን ካየ ወዲህ ግን በሳምንት አንዴ መታየት አለበት ተባለ። ማን እንዳለ የጠየቀ የለም። ስሟን ከማወቁ በፊት «አምስተኛዬ» ይላት ጀመር።

«አምስተኛህ ከሆንኩ አራቱ እነማን ናቸው?» አለችው አንድ ቀን፣ መቀሷን እንደያዘች።

«አንደኛው ጋ ዘበኛው አለ። ሁለተኛው ጋ የጥርስ ሐኪም፣ ሦስተኛው ባዶ ነው፣ አራተኛው ጋ ሁለት ጠበቆች አሉ። ልቤ አንዳቸውም ጋ ሳይቆም ነው ቀጥታ አንቺ ጋ የወጣው።»

አባቷ ስለዚህ ፍቅር የሰሙት ልጃቸው አልጋ ላይ ከወደቀች በኋላ ነው። ዶክተሯ «በዙሪያዋ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር?» ብላ ስትጠይቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ቱታ የለበሰ ሰው እንደ ተማሪ እጁን አነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሻይ አብረን ጠጥተናል።»

አባትየው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «የሊፍቱ ሰው አይደለህም? ሥራህ ሰው ማውጣትና ማውረድ ነው። ልጄን አወረድክልኝ።»

ዶክተሯ ከጠጋኙ አፍንጫ ናሙና፣ ከክንዱ ደም ወሰደች፤ ከአባትየውም እንዲሁ። አንድ ዓይነት ቫይረስ ለምን አንዱን አስነጥሶ እንደሚተውና ሌላውን እንደሚጥል የምታጠና ሴት ነበረች። እሱ ወረቀቱ ላይ ፈረመ፣ እጅጌውን አወረደ፣ ወጣ። በዚያው ቀረ።

*

የማሽኑ ቱቦ ከጉሮሮዋ በወጣ በሁለተኛው ቀን ጠያቂ መጣልሽ አሏት። ፀጉሯን በጣቶቿ አበጠረች። ነርሷ ከኪሷ ትንሽ መስታወት አውጥታ ያዘችላት። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት አክስቷን ትመስላለች። ይሁን፣ አለች በልቧ፤ እኔም እሱን ስወደው እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ ነበር።

በሩ ተከፈተ። የገባው እሱ አይደለም። የሥራ ባልደረባው ነው፣ ቶሎ ስለሚግል «ፊውዝ» የሚሉት ደንዳና ሰው። አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ በእጁ ብርቱካን የሞላ ፌስታል አንጠልጥሏል።

«እንዴት ነሽ እህቴ? እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ብርቱካን ነው።»

«እሱስ?»

«እሱ ደህና ነው። በጣም ደህና ነው። ማስነጠሱንም ትቷል።»

«ለምን አልመጣም?»

ፊውዝ ጣሪያውን አየ። ጣሪያ ማየት የሥራው ጠባይ ነው፤ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል። «እኔን መድቦኝ ነው» አለ።

«ምን?»

«መደበኝ። ረቡዕና ቅዳሜ የምመጣው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሙዝ ነው።»

ድምጿ ገና ሻካራ ነበር፤ ሐረጉን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ነበረባት። «ንገረው። በሽተኛ የሚጠየቀው… በፈረቃ እንደሆነ አላውቅም ነበር በለው።»

«ቃል በቃል ልንገረው?»

«ቃል በቃል።»

ፊውዝ የሥራ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና እየተጠነቀቀ ጻፈው። «ፈረቃ» የሚለውን ከሥሩ አሰመረበት። ከዚያ ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ እንዳይንከባለሉ ፎጣ ደግፎላቸው ሄደ።

ማልቀስም ለካ ትንፋሽ ይፈልጋል። እሷ የነበራት ለግማሽ ልቅሶ ብቻ ነበር። ግማሹን አለቀሰች፤ ሌላው ግማሽ ደረቷ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከብዶ ተቀመጠ።

*

የሊፍት ጠጋኞች አንድ ደንብ አላቸው። በእጁ ስህተት አንድን ሊፍት ያበላሸ ሠራተኛ ያንኑ ሊፍት መልሶ አይነካም፤ ሌላ ሰው ይላካል። ያጠፋ ሰው ወይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ጥፋቱን ለመሸፈን ይቸኩላል፤ በሁለቱም መንገድ ሰው ይጎዳል። እሱ አሥራ አራት ዓመት በዚህ ደንብ ኖሯል። ስለዚህ የሚወዳትን ሴት በገዛ ትንፋሹ የጣላት ሲመስለው፣ ደንቡ ያዘዘውን አደረገ፤ ከባልደረቦቹ ሁሉ ጠንቃቃውን መርጦ ላከላት። ለእሱ ይህ ከፍቅር ሁሉ የበለጠ ፍቅር ነበር። ይህን ለእሷ ማስረዳት እንደሚያስፈልግ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልታየውም።

ፊውዝ ደብተሩን ገልጦ አነበበለት። «ጨረስኩ» አለ በመጨረሻ።

«ተቆጥታለች?»

«እኔን ሚስቴ እንዲህ ብትለኝ ቤት አልገባም።»

«ቅዳሜ ሙዙን እንዳትረሳ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ነገሩ ሙዙ አይደለም እኮ!»

«ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«ደንቡ ለሊፍት ነው!»

«ለብረት እንዲህ ከተጠነቀቅን፣ ለእሷማ እንዴት አንጠነቀቅ» አለ እሱ፣ ድምፁ እየሰለለ። ፊውዝ ሊግል ጀምሮ ተወው።

በማግስቱ ሊጽፍላት ተቀመጠ። ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። የሚጽፈው የብልሽት ሪፖርት ነው፤ ባዶ ቅጽ ደግሞ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ አለ። ሞላው።

«የብልሽቱ ዓይነት፦ መተንፈስ አቅቷታል።
የታየበት ቀን፦ ሐሙስ።
ምክንያት፦ እኔ። ሰኞ እያስነጠስኩ መጣሁ። ሻይሽን ስትሰጪኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ያላልኩት አንቺ ከጠጣሽበት ኩባያ መጠጣት ስለፈለግኩ ነው።
የተወሰደ እርምጃ፦ ሌላ ሰው ተልኳል።
አስተያየት፦ የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው።»

ፈረመበት። ቅጹ ያለ ፊርማ አይጸናም።

ቅዳሜ ፊውዝ ከሙዙ ጋር ሲያመጣላት፣ እሷ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው ንባብ ተናደደች። በሁለተኛው ኩባያውን አየችው። በሦስተኛው «አስተያየት» የሚለው ጋ ስትደርስ ፈገግ አለችና ወዲያው በራሷ ላይ ተናደደች፤ መታረቅ አልፈለገችም፣ እንዲመጣ ነው የፈለገችው። ወረቀቱን ብርቱካኖቹ ሥር አስቀመጠችው። አባቷ ብርቱካን ሊልጡላት ሲያነሡ አገኙትና ድምፅ ሳያሰሙ ኪሳቸው ከተቱት። እሷ ፈልጋ ስታጣው፣ ከእሱ የነበራትን ብቸኛ ነገር የጣለችው መሰላት።

*

የደም ምርመራው ውጤት የሚሰማበት ቀን የመጣው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። ስትመጣ እሱ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ በታጠበ ቱታ። ሲያያት ተነሣ። ዓይኑ ፊቷ ላይ አልቆመም፤ ወደ አንገቷ ሥር፣ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ወደሚታይበት ቦታ ነው የሄደው። ትንፋሿን እየቆጠረ ነበር።

አባቷ መዝገብ ክፍሉ ጋ ስለቆዩ ለአፍታ ብቻቸውን ሆኑ።

«ዛሬ ተራህ ነው?» አለችው።

«ዶክተሯ ደወለችልኝ።»

«እኔ ነኝ ጥሩት ያልኳት። ደሙን ሰጥቷል፣ ውጤቱን ራሱ ይስማ፣ ሰው እንዳይልክ በሉልኝ አልኳት።»

አንገቱን ደፋ።

«ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያማረኝ ውኃ አልነበረም፤ አንተ ነበርክ። የመጣልኝ ብርቱካን ነው።»

«እጄን ፈራሁት» አለ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተመልሼ ብነካሽ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ…»

«እኔ ሊፍት ነኝ?»

«አይደለሽም» አለ። «ሊፍት ብትሆኚማ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ልትመታውም ፈለገች። ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች።

*

አባትየው ከመቀመጣቸው በፊት የታጠፈውን ቅጽ ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ዶክተርዬ፣ ሳትጀምሪ። ይኸው በፊርማው አምኗል። ‹ምክንያት፦ እኔ› ይላል።»

እሷ ወረቀቱን አየችና አባቷን አየቻቸው። እሱ ጫማውን አየ። ዶክተሯ ከላይ እስከ ታች፣ እስከ አስተያየቱ ድረስ አነበበችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይሄ የፍቅር ደብዳቤ ነው።»

«ቅጽ ነው!» አሉ አባትየው።

«ሁለቱም ነው።» ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው። «አሁን እኔ ልናገር። በሁለቱ ላይ የተገኘው ቫይረስ አንድ ነው። ከእሱ ወደ እሷ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከሌላ ሰው ይዘውትም ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ሳምንት ያላስነጠሰ አልነበረም። የእኔ ጥያቄ ከማን ያዛት አይደለም፤ ለምን ጣላት ነው። ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የተጠቃው ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም። ኢንተርፌሮን የሚባል ነገር ይረጫል። ለጎረቤቶቹ ‹ሌባ ገብቷል፣ በራችሁን ዝጉ› እንደማለት ነው። ይህን ጩኸት የሚያዘጋጁ ጂኖች አሉ። ከሰው ሰው ይለያያሉ፣ አብዛኛው ልዩነትም ምንም አያመጣም። ከእሷ ጂኖች በአንዱ ላይ ያለው ልዩነት ግን ጩኸቱን ያዘገየዋል፤ ሲወጣም ደካማ ነው። ጎረቤት እስኪሰማ ቫይረሱ ሳምባዋን ሞልቶታል።»

«ማንቂያው ነዋ» አለ እሱ ሳይታሰብ። ሁሉም ዞሩ። «ሊፍት ውስጥ የተቀረቀረ ሰው የሚጫነው ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ይበራል። ሰውየው ‹ሰምተውኛል› ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ዘበኛው ጋ ግን ደወሉ አይጮህም፤ ሽቦው ሳስቷል።»

ዶክተሯ እስክሪብቶ አንሥታ ጻፈችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስረዳ እንዲህ ብዬ አላውቅም» አለች።

እሱ ግን መናገሩን አላቆመም፤ አሁን ለራሱ ነበር የሚያወራው። «እንዲህ ያለ ብልሽት ስናገኝ፣ ምክንያቱ መጨረሻ ላይ የገባው ተሳፋሪ ነው ብለን አንጽፍም።»

«ታዲያ ለምን በራስህ ላይ ጻፍክ?» አለች እሷ። ድምጿ የመጀመሪያውን ቁጣ አልያዘም።

እሱ እጁን ዘርግቶ ቅጹ ላይ ያለውን ፊርማውን በአውራ ጣቱ ሸፈነ።

«ጎሽ» አሉ አባትየው ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ። «ይሄ የሳሳ ሽቦ ታዲያ ከእናቷ ወገን ነው። ነፍሷን ይማረውና፣ የሷ ወገን ነፋስ የሚጥላቸው ናቸው።»

«የእርስዎንም ደም አይተናል» አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ። «ውጤቱ የእርስዎ ነው። ብቻዎን ልንገርዎ?»

«በሁሉም ፊት ተናገሪ! እኔ የምደብቀው ደም የለኝም።»

«ከእርስዎ ነው።»

አባትየው ኮታቸውን ቆለፉ፤ ከዚያ መልሰው ፈቱት። «ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ። «እኔ እኮ ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ይህን ለውጥ የተሸከመ ሁሉ አይወድቅም። ሌሎች ጂኖች አሉ፣ ዕድሜ አለ፣ የገባው ቫይረስ መጠን አለ፤ ያላወቅነውም ብዙ አለ። ሳምባዎን ክፉኛ አሞዎት ያውቃል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አባዬ! አንዴ ነው ያልከኝ!»

«ሁለቱን ጊዜ ዕቃ ላመጣ ሄጃለሁ ብዬሽ ነው የተኛሁት። ምን ላድርግ፣ ትፈሪያለሽ።» ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የነጋዴ ድምፅ አልነበረም። «ዶክተርዬ፣ ወንድማማች ላይስ ይኖራል?»

«ሊኖር ይችላል።»

«ታናሽ ነበረኝ። ዘጠኝ ዓመቱ። ጉንፋን ይዞት በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዝናብ ውስጥ ኳስ እንጫወት ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሁለታችንም በሰበስን፣ ሁለታችንም ታመምን፤ እኔ ተነሣሁ። እናቴ አንድም ቀን ‹አንተ ነህ› ብላኝ አታውቅም። ሳህኔን ስታቀርብልኝ ግን ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር። እስካሁን…» እጃቸውን አወናጨፉ፣ አልጨረሱትም።

ልጃቸው አጎት እንደነበራት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ክንዳቸውን ያዘች።

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «የእሱን ደም ማየት አልችልም፤ ስለዚህ ይሄ ነው ብዬ አልምልልዎትም። ግን ዝናቡ አይደለም የገደለው። እርስዎም አይደሉም። ያ ለውጥ እሱ ላይም ከነበረ፣ ለሁለታችሁም የመጣው ሳትወለዱ ነው። የሰጠም የተቀበለም ማንም መርጦ አላደረገውም።»

አባትየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ አዩት። «ምክንያት፦ እኔ» የሚለውን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ያገኙ ያህል። ከዚያ ወደ ሊፍት ጠጋኙ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፤ ስንት ቀን ሆነህ ይሄንን ከተሸከምክ?»

«ስድስት ሳምንት፣ ጋሼ።»

«ይብቃህ» አሉት። «እኔ ሃምሳ ዓመት ሞክሬዋለሁ። አይጠቅምም።»

ጠጋኙ ያኔ ነው ያለቀሰው። ፊቱን በታጠበው ቱታ እጅጌ ሸፍኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። እሷ መሐረብ አልሰጠችውም። እጇን ነው የሰጠችው። ሲይዛት እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ከእሷ በፊት እሱ ራሱ አስተዋለና ደነገጠ።

*

ዶክተሯ ትእዛዟን ነገረቻቸው፤ በየዓመቱ ክትባት፣ ትኩሳት በጀመራት በመጀመሪያው ቀን የሰጠቻቸውን ካርድ ይዞ በቀጥታ መምጣት፣ «ነገ ይሻለኝ ይሆናል» ማለት የለም። ለአባትየውም ያው። «ደግሞም» አለች፣ «አብረዋት የሚውሉ ሁሉ ይከተቡ፤ ቫይረሱ በእነሱ በኩል እንዳይመጣባት። የቅርብ ሰዎቿን ለነርሷ አስመዝግቡ፣ ዛሬውኑ።»

የክትባት ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንዲት የማትስቅ ነርስ። መጀመሪያ ልጅቷን ወጋች። ቀጥላ አባትየውን አስቀመጠች።

«ዝምድና?»

«አባት።»

«ሌላ የቅርብ ሰው?»

ጠጋኙ ሳይታወቀው ወደ በሩ አፈግፍጓል፤ በሰው ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ሲጨርስ የሚወጣበት አወጣጥ ነው። እሷ አየችው። ልትጠራው ትችል ነበር። አልጠራችውም፤ ይህን በእሷ አፍ እንዲባል አልፈለገችም።

«አንተስ?» አለች ነርሷ ወደ በሩ። «ለታማሚዋ ምኗ ነህ?»

እዚያው በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ኮሪደሩ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ የሸሸበት መንገድ ሁሉ አለ።

«በየቀኑ ላያት የምፈልግ ሰው ነኝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ራሴ።»

ነርሷ ቅጿን ከላይ እስከ ታች ፈለገች። «እንዲህ የሚባል ዝምድና የለም።»

«የቤት ሰው በይው» አሉ አባትየው፣ መርፌውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

«አባዬ?»

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ሴትየዋ ሥራ አለባት።»

ነርሷ «የቤት ሰው» ብላ ጻፈች። እሱ መጥቶ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌው ሲገባ ሦስቱም በአንድ ላይ ትንፋሻቸውን ያዙ።

የተከተበ ሰው ወዲያው አይሄድም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ያለው አግዳሚ አንድ ብቻ ስለሆነ አባትየው በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው፣ እሷ መሀል ተቀመጡ፤ ሦስቱም ግራ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው።

«ያማል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ያማል» አለ። በሕመም እንዲህ ተደስቶ አያውቅም። እሷ እሱ የጠፋበትን ጊዜ ሁሉ ትነግረው ጀመረች፤ መስታወት ስለያዘችላት ነርስ፣ በሁለት እግሯ ስለሄደችበት የመጀመሪያ ቀን፣ ፊውዝ ሙዝ ይዞ መጥቶ ራሱ ስለበላው። እሱ ወሬውን ሳይሆን በወሬው መሀል የምትተነፍሰውን ይሰማ ነበር። ትንፋሿ ሳይታሰብ፣ ሳይታገዝ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይገባል፤ እንደ ተራ ነገር። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውስጡ «ተመስገን» ይላል። ለማን እንደሚደርስ አላጣራም፤ ለማሽኑም፣ ለነርሷም፣ «አላውቅም» ለማለት ላልፈራችው ዶክተርም፣ በእሱ ፈንታ ለሄደው ፊውዝም ይድረስ። አባትየው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ ይመስላሉ፤ ከንፈራቸው ግን የአንድ ልጅ ስም ይጠራል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሳይፈሩ።

«አሥራ አምስት ደቂቃው አልቋል» አለች ነርሷ ብቅ ብላ። «መሄድ ትችላላችሁ።»

ማንም አልተነሣም።

«ሰምታችኋል? ጨርሳችኋል እኮ።»

አባትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱላት። «ቆዪ እስቲ፣ ልጄ» አሉ። «ተመችቶናል።»